“ከምን አወቅህ?” – ከሥነ ጽሑፍ ክፍላችን የጎደለው ጥያቄ

በአዲስ አበባ በሀይሌ ጋርመንት፣ በለቡ ወይም በጀሞ ሰፈር የሚማር አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የአማርኛ ደብተሩን ቢያውሰን የሥነ ጽሑፉ ክፍል ምን እንደሚመስል ሳንገልጠው መገመት አያቅተንም። “ተነጻጻሪ ዘይቤ ማለት…” ብሎ ይጀምርና ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ እንቶኔ፣ ምጸት እያለ ይወርዳል። ከየብያኔው ሥር አንድ አንድ ምሳሌ ተቀምጧል። ቀጥሎ የልቦለድ አላባውያን ይመጣሉ፤ ታሪክ፣ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ አንጻር፣ ጭብጥ። ርእሶቹ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል፤ የእጅ ጽሑፉም ንጹሕ ነው። ከደብተሩ የሚጠፋው ተማሪው ራሱ አንብቦ፣ ራሱ የደረሰበትን ፍች “እንዲህ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው” ብሎ ያስረዳበት አንድ አንቀጽ ነው።

ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። ተማሪው የሥነ ጽሑፍን ስያሜዎች ያውቃል፤ ሥነ ጽሑፍን ማንበብ ግን አልተማረም። ግጥም ሲሰጡት ሰውኛ ዘይቤ ያለበትን ስንኝ ነቅሶ ያወጣል፤ ገጣሚው ለምን በዚያ ቦታ በዚያ መንገድ እንደተናገረ ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል። ዝም የሚለው አእምሮው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው። የዚህ ሐተታ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ትንተና ትምህርት የሚጀምረው ተማሪው ላነበበው ነገር ፍች እንዲሰጥ፣ ለሰጠውም ፍች ከጽሑፉ ማስረጃ እንዲያቀርብ ስንጠይቀው ነው። ብያኔው፣ ስያሜው፣ የዘይቤው ዝርዝር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፈተናው የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

መምህራንን ከመውቀስ በፊት የሚሠሩበትን ሁኔታ ማየት ይገባል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ አፕቲትዩድን፣ እንደ መስኩም ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ወይም ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስን ይጠይቃል። አማርኛ ከመካከላቸው የለም። የፈተናው ዓይነትም ምርጫ ነው፤ ተማሪው ከአራት አማራጮች አንዱን መርጦ ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆኖ መገኘቱ ትምህርት ቤቱንም ወላጁንም አስደንግጧል። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ሲያገኝ ለሒሳብና ለፊዚክስ ይሰጠዋል። የአማርኛ መምህሩም ቢሆን ጊዜ ሲያጥረው ቶሎ የሚታረመውን ይመርጣል፤ “ከሚከተሉት ውስጥ ተለዋጭ ዘይቤ የሆነው የቱ ነው?” የሚለው ጥያቄ ለስድሳ ተማሪ በአንድ ምሽት ይታረማል።

ሆኖም የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሌሎቹ የማይሰጡት ዕድል አለው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂም የታሪክም ክርክር የሚደረገው ተማሪው ገና በሚታገለው ቋንቋ ነው። ብዙ ልጆች ሐሳብ እያላቸው ቃል ስለሚያጥራቸው ብቻ አጭር መልስ ሰጥተው ይቀመጣሉ። በአማርኛ ክፍል ግን፣ በተለይ አፉን በአማርኛ ለፈታ ልጅ፣ ይህ አጥር የለም። አንድን ሐሳብ እስከ ጥጉ ድረስ መከተል፣ መጠራጠር፣ የጓደኛን አስተያየት መቃወምና አቋምን ማስተካከል የሚቻልበት ክፍል ይህ ነው። ይህን ክፍለ ጊዜ በብያኔ ጽሕፈት ስንጨርሰው የምናባክነው የማመዛዘን ልምምዱን ጭምር ነው።

ቅኔ ቤቱ ያውቀው የነበረ

“እንዲህ ያለ ትምህርት የፈረንጅ ነው፤ ለእኛ ልጆች ይከብዳል” የሚል ሰው ካለ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅና ወደ ዋድላ ቅኔ ቤቶች መለስ ብሎ ይመልከት። የቅኔ ትምህርት ተማሪውን በአድማጭነት አያኖረውም። ተማሪው ግስና አገባብ እያጠና፣ የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፣ ከትንሹ ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ራሱ እንዲቆጥር ይታዘዛል። ከሰው ተለይቶ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመ እንደሆነ፣ አገባቡ ተፋልሶ እንደሆነ እዚያው ይነግረዋል። ተማሪው ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ሌላው የተቀኘውን ሲሰማ ደግሞ መፍታት ይጠበቅበታል። መሥራትና መፍታት በአንድ ጉባኤ አብረው ይሄዳሉ።

በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም ያለው ሥርዓት ከዚህ አይርቅም። የአንድምታ መምህር ለአንድ ኃይለ ቃል አንድ ፍች ሰጥቶ አያቆምም፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያመጣል። ነገር ግን እንዳሻው አያመጣም። እያንዳንዱ ፍች ከሰዋስው፣ ከታሪክ፣ ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ሊኖረው ግድ ነው። ብዙ ፍች መቀበልና ለእያንዳንዱ ፍች ማስረጃ መጠየቅ አንድ ላይ የኖሩበት ባህል ነው፤ ዛሬ ክፍላችን የሚያስፈልገውም ይህ ጥምረት ነው።

ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ አይገባም። ቅኔ ቤቱ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የኖረ ነው፤ ደጁም ለሴቶች ጠባብ ነበር። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ሴት የቅኔ መምህር እንደ እርሳቸው ጥቂት ስለሆነ ጭምር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ወንዱም ሴቷም እኩል የሚቀመጡበት ነውና ከቅኔ ቤት የሚወስደው ሃይማኖታዊውን ይዘት ሳይሆን የማስተማሪያ መንገዱን ነው። መንገዱም ሁለት ቁም ነገር አለው፤ ከትንሽ ጽሑፍ መጀመርና ለሰጡት ፍች በሰው ፊት መልስ መስጠት።

ካምብሪጅም ያው ችግር ነበረበት

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐያሲ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስምና ዘመኑ ያልተጻፈባቸው ግጥሞች ያድል ነበር። አንብበው የመሰላቸውን ጽፈው እንዲመልሱለት ይጠይቃል። ውጤቱን በ1929 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው፤ አንባቢውንም አስደነገጠ። በአገሩ ከተመረጡት መካከል የነበሩት እነዚያ ተማሪዎች የግጥሙን ግልጽ ትርጉም እንኳ ይስቱ ነበር። የገጣሚው ስም ሲሸፈንባቸው ታላቁን ከተራው መለየት አቃታቸው። ግጥሙ የሚለውን ትተው አስቀድመው በልባቸው የያዙትን ስሜት ያነቡበት ነበር።

ከዚህ የምንማረው ጠቃሚ ነገር አለ። ተማሪው “ይህ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ነው” ተብሎ ሲሰጠው ከማንበቡ በፊት አድናቆቱን ያዘጋጃል፤ መልሱም “ታላቁ ባለቅኔ በዚህ ግጥም የሀገር ፍቅርን ገልጿል” ይሆናል። ስሙ ተሸፍኖ ሲሰጠው ግን ከስንኞቹ ጋር ብቻውን ይፋጠጣል። ይህን ሙከራ በማንኛውም የአዲስ አበባ ክፍል ያለ አንዳች ወጪ ማድረግ ይቻላል።

ሁለት ስንኝ በሰሌዳ ላይ

ነገሩ በሐሳብ ደረጃ እንዳይቀር በተግባር እንየው። ሀይሌ ጋርመንት በስሙ የልብስ ስፌት ፋብሪካን ይዞ የሚኖር ሰፈር ነውና ለዚህ ሐተታ ሲባል ከዚያው ሙያ የተሠሩ ሁለት ስንኞች እነሆ፦

ቀን ሙሉ ስትሰፋ በሰው ልክ ለክታ፣
ከተማው ሰፋባት ስትመለስ ማታ።

መምህሩ ይህን በሰሌዳ ይጽፋል። ስለ ዘይቤ ምንም አይናገርም። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፤ “በስንኙ ውስጥ ማን አለ? ምን ትሠራለች? መቼ?” አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት እንዳለች፣ ቀን ስትሰፋ ውላ ማታ እንደምትመለስ ክፍሉ ይስማማል። ሪቻርድስ ተማሪዎቹ ሲስቱት ያየው ይህን ግልጽ ትርጉም ነውና መምህሩ እዚህ ላይ መቸኮል የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ “ከተማው ሰፋባት ማለት ምን ማለት ነው?” ይሆናል። አንዱ ተማሪ “ከተማው አድጎ መንገዱ ራቀባት” ይላል። “ከምን አወቅህ?” ሲባል “ስትመለስ ማታ” የሚለውን ያሳያል፤ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ናት። ከጀሞ ወይም ከሀና ማርያም ታክሲ ተሰልፎ የሚመጣ ልጅ ይህን ለማየት አይቸገርም። ሌላዋ ተነሥታ “እኔ ግን ከተማው እንደማይመጥን ልብስ ሰፍቶባት ነው የሚመስለኝ” ትላለች። “ከምን አወቅሽ?” ስትባል ወደ መጀመሪያው ስንኝ ትመለሳለች፤ ስለ ልክና ስለ መለካት ተነግሮ ስላበቃ ሰፋባት የሚለውም የልብስ ነገር ሊሆን እንደሚችል ታስረዳለች። ሦስተኛው “ከተማው ራሱ ልብስ ሰፋባት” ቢልስ? ይህም ይሰማል፤ ማስረጃ ይጠየቃል። ከተማው ምን እንደሰፋ፣ ለምን እንደሰፋ የሚነግረን ቃል በስንኙ ውስጥ የለም። ክፍሉ ይህን ፍች ይተወዋል። ሁለቱ ፍቾች ግን አብረው ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

ከዚያ መምህሩ አንዲት ፊደል ይቀይራል። “ሰፋባት የሚለው ሰፋላት ቢሆንስ?” ይላል። ተማሪው ሁሉ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል። “ሰፋላት” ቢባል ከተማው ዕድል የከፈተላት በሆነ ነበር፤ “ሰፋባት” ሲል ግን ጉዳቱ በእርሷ ላይ ነው። ሰዋስው በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚማሩት ደረቅ ነገር መሆኑ እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ “ቀን” የሚለው ቃል የት እንደተቀመጠ፣ “ማታ” የሚለውስ የት እንደተቀመጠ ይጠየቃል። አንደኛው መነሻ፣ ሌላው መድረሻ ነው፤ ቀኑ እንዳለ በሁለቱ መካከል አለቀ።

ጭብጡ አሁን ይመጣል። ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ደርሰውበታል። ለሰው ሁሉ በልኩ የምትሰፋ ሴት ለራሷ የሚመጥናት ቦታ ያጣችበት ከተማ ነው። መምህሩ “ኅብረ ቃል” የሚባለው ሁለቱን ፍች አንድ ላይ የያዘው “ሰፋባት” መሆኑን የሚነግራቸው ከዚህ በኋላ ነው። ነገሩን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ስሙን አይረሳም። ለቤት ሥራም እንደ ቅኔ ቤቱ ሥርዓት ሁለት ፍች ባለው ግሥ ሁለት ስንኝ ሠርተው ይመጣሉ፤ ሲመጡም ጓደኞቻቸው ይፈቱላቸዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ በሁለት ስንኝ አለቀ። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ነው።

ከስንኝ ወደ ልቦለድ

በልቦለድም መንገዱ አይለወጥም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን “ፍቅር እስከ መቃብር” ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። “ዋና ገጸ ባሕርያቱ እነማን ናቸው?” የሚለው ጥያቄ ግን መጽሐፉን ላላነበበም ይመለሳል፤ በቴሌግራም የሚዞረው አጭር ማስታወሻ ይበቃዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በደቂቃ ይጽፍለታል። “ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ፍቅር መክሸፍ ተጠያቂው ማን ነው?” ብንል ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ የፊታውራሪ መሸሻን የዘር ኩራት ያነሣል። ሌላው በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ መሆኑንና ያ ስለት በልቡ ውስጥ የሚሠራውን ያመጣል። ሦስተኛዋ ጉዱ ካሣ የሚነቅፈውን የኑሮ ሥርዓት እንዳለ ትከሳለች። ሁሉም ገጹን ገልጠው ማስረጃ ማሳየት አለባቸው። አንድ ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለአራት ለአምስት ተማሪ ቢታደል ለአንድ ሳምንት ክርክር ይበቃል።

መጽሐፍ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ድምፅ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንን ልቦለድ በሬዲዮ ያነበበበት ትረካ ራሱ አንድ ትንተና ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የመረጠው ድምፅ፣ ያቆመበት ቦታ፣ ያፈጠነበት ቦታ ሁሉ ስለ ጽሑፉ ያለውን ፍች ይናገራል። በአንድ ስልክ ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ አሰምቶ “ይህን ንግግር ለምን በዚህ ድምፅ አነበበው? አንተ ብትሆን እንዴት ታነበዋለህ?” ማለት ይቻላል። ዓይኑ በፊደል ለሚደክም ተማሪም በር የሚከፍት ዘዴ ነው።

የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የክፍሉ ብዛት ነው። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የስድሳ ሰው ድርሰት ማረም አይቻልም ይባላል፤ እውነት ነው። ስለዚህ ድርሰት አንጠይቅ። አምስት ዐረፍተ ነገር ያላት አንዲት አንቀጽ ትበቃለች። ከአሥር ነጥብ ሁለቱ ለአቋሙ፣ አራቱ ከጽሑፉ ለቀረበው ማስረጃ፣ አራቱ ማስረጃው አቋሙን እንዴት እንደሚደግፍ ለተሰጠው ማብራሪያ ይሁን። ተማሪዎቹ በዚሁ መለኪያ አስቀድመው እርስ በርሳቸው ይተራረሙ፤ መምህሩ በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ተማሪዎችን ወረቀት ብቻ ይመልከት። በሰው ፊት ቆሞ የተሰጠ የቃል መልስም በተከታታይ ምዘና ይያዝ። እንዲያውም ጽሑፍ ከመሣሪያ በሚቀዳበት በዚህ ዘመን ከሁሉ የሚታመነው ምዘና ተማሪው “ከምን አወቅህ?” ሲባል በቃሉ የሚመልሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቋንቋ ነው። በሀይሌ ጋርመንት ዙሪያ የሚማሩ ልጆች ሁሉ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ አይደለም። ሰፈሩ በከተማዋ ደቡባዊ ዳር ያለ ነው፤ በኮሮና ወቅት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. ወደዚህ የተዛወረው የአትክልት ገበያም ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚገናኝበት ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጊኛ፣ ሌሎችም ቋንቋዎች ይሰሙበታል። ይህ ለትንተና ትምህርት ሀብት ነው። የኦሮሞን የቃል ግጥም ጌረርሳን ከቤቱ የሚያውቅ ልጅ፣ የአያቱን ተረትና ምሳሌ የሰማች ልጅ ነገርን በነገር ሸፍኖ መናገርን አስቀድመው ያውቁታል። ያን ወደ ክፍል አምጥተው፣ ለጓደኞቻቸው በአማርኛ ፈትተው፣ አንዱ ወግ በሌላው ቋንቋ ምን እንደሚጎድልበት ቢወያዩ አማርኛቸውም ይጎለብታል፤ የራሳቸው ቅርስም ክብር ያገኛል።

ሦስተኛው “ሁሉም የየራሱን ፍች ከሰጠ ሥርዓት ይጠፋል” የሚል ስጋት ነው። በሰሌዳው ላይ ያየነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሦስተኛው ፍች ተሰምቶ፣ ተመዝኖ፣ ማስረጃ ሲያጣ ወደቀ። ሥርዓት የሚጠፋው መምህሩ ከማስታወሻው ያነበበው ፍች ብቻ ትክክል ሲሆን ነው፤ ያኔ ልጁ የሚማረው እውነት ከሥልጣን እንደሚመጣ ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል

ለመምህራን የሚሆን መሣሪያ በአገር ቋንቋ አለ። ዳኛቸው ወርቁ “የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ”ን፣ ዘሪሁን አስፋው “የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን”ን፣ ብርሃኑ ገበየሁ “የአማርኛ ሥነ ግጥም”ን ጽፈውልናል። እነዚህ መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ የአማርኛ ትምህርት ክፍል መደርደሪያ ላይ ሊገኙ ይገባል፤ መምህራኑም በወር አንድ ቀን ተቀምጠው አንድ ግጥም አብረው ቢፈቱ ከብዙ ስብሰባ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ራሱ ያልተከራከረ መምህር ተማሪን ማከራከር ይከብደዋል።

የከተማው ትምህርት ቢሮ በሚያወጣቸው የአማርኛ ፈተናዎች ላይ ቢያንስ አንድ የማብራሪያ ጥያቄ ይጨመር። ተማሪው ከዚህ በፊት ያላየው አጭር ግጥም ወይም አንቀጽ ይሰጠው፤ አንድ ፍች በማስረጃ ያስረዳ። መምህሩ የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነውና ይህች አንዲት ጥያቄ ብቻ የክፍሉን ውሎ መለወጥ ትችላለች። በረጅሙ ደግሞ ብሔራዊ ፈተናው በአገር ቋንቋ ማንበብንና ማመዛዘንን ጨርሶ ሳይጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ማስገባቱ ሊጤን ይገባዋል። ወላጅም ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ “ስንት አገኘህ?” ከማለቱ ጋር “ዛሬ ምን አነበብክ? ምን ነገር ገባህ?” ብሎ ቢጠይቅ ድርሻውን ተወጣ።

ይህን ሁሉ የምንለምነው ገጣሚና ደራሲ ለማፍራት ብቻ አይደለም። የዚህ አገር ወጣት በየቀኑ በስልኩ ላይ ንግግር፣ ወሬ፣ ክስና ጥሪ ያነባል። አንዱ ቃል ለአንዱ ስድብ፣ ለሌላው ምስጋና ሆኖ ይነበባል፤ ከዚያም የሚመጣውን ጉዳት አይተናል። ሁለት ሰዎች አንድን ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ሲያነቡት ጠላት ሳይባባሉ ወደ ጽሑፉ መመለስ፣ ማስረጃ መቁጠር፣ የተሸነፈውን ፍች በክብር መተው የሚለመድበት ሌላ ክፍለ ጊዜ በትምህርት ቤታችን የለም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን ከሁለት ስንኝ ሊማረው ይችላል። ስለዚህ በቀጣዩ ሴሚስተር የዘይቤ ዝርዝር በሰሌዳ ከመጻፉ በፊት አንድ ግጥም ይጻፍ፤ ከብያኔውም በፊት “ከምን አወቅህ?” የሚለው ጥያቄ ይቅደም።